ወረርሽኝን የሚገታው መተማመን ነው

በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ «ኢቦላ የለም» የሚለው አሉባልታ በተስፋፋበት ወቅት፣ የላይቤሪያ መንግሥት በሞንሮቪያ የሚገኘውን ዌስት ፖይንት የተባለውን የድሆች ሠፈር በወታደር አሳጠረ። ነዋሪው ተቃወመ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ አንድ ወጣት ሞተ። እገዳው በ10 ቀኑ ተነሣ።

አንዳንዶች የሕዝቡን ጥርጣሬ በመሃይምነት ብቻ ያመካኛሉ። ይህ የነገሩን ሥር መሸፈን ነው። ከ1982 እስከ 1995 ዓ.ም. በተፈራረቁ ሁለት የእርስ በርስ ጦርነቶች የተጎዳ ሕዝብ፣ ጠመንጃ ያነገበን እንደ ሐኪም ሊቀበል አይችልም።

ሕክምናው ፍሬ የሰጠው፣ ነዋሪዎች ራሳቸው ቤት ለቤት ሕሙማንን ሲፈልጉ፣ ተገልለው ለቆዩ ቤተሰቦች ምግብና ውሃ እንዲደርስ ሲያደርጉ ነው። እንግዲህ የየሠፈሩ ማኅበር አባላትና ሠራተኞች ልብ ሊሉት የሚገባው፣ መተማመን በሽታ ከገባ በኋላ በጥድፊያ የሚሸመት ሸቀጥ አለመሆኑን ነው።