ስለ ነቀዝና ስለ መዓዛማ ቅጠሎች



ባለፈው ዓመት ለዐቢይ ጾም ሽሮ ይሆነናል ብለን ያኖርነውን ሽምብራ በከፈትን ጊዜ፥ ከላይ ያለው ፍሬ ተበሳስቶ ዱቄቱ በጣቶቼ መካከል ይፈስ ነበር። ባለቤቴ የነቀዝ ክኒን ከገበያ ይገዛ አለች፤ እኔ ግን አልወደድሁም፤ ጎታው ልጆቻችን ከሚተኙበት ክፍል ጋር የተያያዘ ነበርና። ያ ክኒን የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙም ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ፥ በስንጥቅ አልፎ የተኛውን ሰው ይገድላል።

እንግዲህ ወደ አያቶቻችን ልማድ እንመለስ፤ ነገር ግን መርምረን እንያዘው።

በእህል መካከል የባሕር ዛፍ፥ የበሶብላ ወይም የጤና አዳም ቅጠል መጨመር ከንቱ ልማድ አይደለም። የእነዚህ ዕፅዋት ሽታ የሚመጣው በቅጠላቸው ካለው ተናኝ ዘይት ነው፤ በባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ ዋናው ነገር ሲኒዮል ይባላል። እንፋሎቱ በነቀዙ መተንፈሻ ገብቶ ነርቩን ያውካል።

ይሁን እንጂ መዓዛው ቶሎ የሚበን ስለ ሆነ፥ ቀዳዳ በበዛበት ጎታ ጥቂት ቅጠል ብዙ አይረዳም። ደግሞም የበቆሎና የስንዴ ነቀዝ እንስቲቱ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ካኖረች በኋላ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ በውስጥ የተሸሸገውን ትል እንፋሎቱ በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ ቅጠል የሚጠቅመው አስቀድሞ በጸዳ እህልና በሚከደን ዕቃ ውስጥ ነው።

የሽምብራ ነቀዝ ግን እንቁላሏን በፍሬው ቆዳ ላይ ትለጥፋለች። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ተራ የምግብ ዘይት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሽምብራ 5 ሚሊ ሊትር፥ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ፥ ጨምሮ ፍሬው ሁሉ እስኪወዛ ድረስ ማሸት ነው። ዘይቱ እንቁላሉን አየር ይከለክለዋል።

እኛም እንዲህ አደረግን። ሽምብራውን አበጥረን፥ የፀሐይ ሙቀት በበረታበት ቀን በጥቁር ላስቲክ ላይ ስስ አድርገን ዘረጋነው፤ በላዩም ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አለበስነው፤ ሙቀቱ በፍሬው ውስጥ ያለውን ትል እንዲገድል ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ በዘይት አሽተን በሚገጥም በርሜል ከደንነው። የተረፈውም እስከ ፋሲካ አደረሰን።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል በደረቅ ጠርሙስ አድርጋችሁ ናጡ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው፥ ከሽምብራ ጋር ቀላቅሎ ማኖርም መልካም ልማድ ነው፤ ደቂቁ ፍሬ ክፍተቱን ሞልቶ ለነቀዙ መሄጃ ያሳጣዋል። በኋላም ወንፊት ይለየዋል።

በመጨረሻ፥ የዕፅ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም አትበሉ። በጠርሙስ የሚሸጥ የባሕር ዛፍ ዘይት ልጅ ቢጠጣው ይመርዘዋል፤ ጤና አዳምም ሲበዛ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። ቅጠሉን ከመፍጨታችሁ በፊት ከእህሉ አበጥራችሁ አውጡት፤ ዘይቱንም ልጅ ከማይደርስበት አኑሩ። እህል የሚጠበቀው ለቤተ ሰብ ነውና፥ ጎታውን ስንጠብቅ ቤተ ሰቡን አንርሳ።