ሻንተዝ ማን ናት?
በፈረንሳይኛ «ሻንተዝ» ሴት ዘፋኝ ማለት ነው፤ የሰርግም ትሁን የኦፔራ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲዋሱት ግን የሲጋራ ጭስ፣ ደብዘዝ ያለ መብራትና ረጅም ጥቁር ቀሚስ ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣውን የሮክ ባንዱን የቬልቬት አንደርግራውንድን የመጀመሪያ አልበም እዩ። የባንዱ አባል ሉ ሪድ በጊታርና በድምፅ ሲመዘገብ ድምፃዊቷ ኒኮ «ሻንተዝ» ተባለች። ኮሎኝ የተወለደች ጀርመናዊት ናት፤ አልበሙ ላይ የዘፈነችውም በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ፈረንሳይን ምን አመጣት? የወንዱን «ሻንተር» እምብዛም አለመዋሳቸው ደግሞ ይብስ ያናድደኛል። እሱ በሙያው፣ እሷ በአለባበሷና በአኳኋኗ ትጠራ ማለት ነው። ለፈረንሳዊቷ ዘፋኝ ለኤዲት ፒያፍ ቢሉት አልከራከርም፣ የገዛ ቋንቋዋ ነው። ለሌሎቹ ግን የእንግሊዝኛው «ሲንገር» (የስፌት መኪናውን አላልኩም) ምን ጎደለው?