የማትታቀፍ ወፍ

ድርጭት ለአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ከምድረ በዳው መና ጋር የተያያዘ ስም ሲሆን፣ ወፉ በኢትዮጵያ ደጋ ሣር ሜዳም ድምፁ እየተሰማ አካሉ እምብዛም ሳይታይ ይኖራል። ሰዎች በቤታቸው የሚያስፈለፍሉት ግን የዚህ የዱር ወፍ የቅርብ ዘመድ የሆነውንና በጃፓን ለማዳ ተደርጎ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨውን የጃፓን ድርጭት ነው። የዱሯ ሴት መሬት ላይ ባበጀችው ጎጆ እንቁላሏን ታቅፋ ስትፈለፍል፣ ለማዳይቱ ግን ለእንቁላሏና ለሥጋዋ ሲባል በየትውልዱ እየተመረጠች ስለ ረባች የመታቀፍ ጠባይዋን ከሞላ ጎደል አጥታለች፤ እንቁላሏንም በደረሰችበት ጥላው ትሄዳለች። ስለዚህ የማስፈልፈያው ሣጥን ለባለቤቱ የተጨመረ ምቾት ሳይሆን የእናቲቱን ቦታ የሚተካ ዕቃ ነው፤ ሣጥኑን የሚያበራ ሰውም ከሙቀቱ ጋር የእናትነቱን ኃላፊነት አብሮ ይረከባል።

ሥራው አጭር ቢሆንም ስስ ነው። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ሲፈልግ ለድርጭት ከ17 እስከ 18 ቀን ይበቃል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከ10 እስከ 12 ግራም ብቻ የሆነ እንቁላል ሙቀት የሚያከማችበት ገላ ስለሌለው፣ ክዳን በተከፈተና መብራት በጠፋ ቁጥር ከዶሮ እንቁላል ይልቅ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። አየሩ በማራገቢያ በሚዘዋወርበት ሣጥን ውስጥ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ እንዲጸና ይደረጋል፤ ሽሉ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ጋር እንዳይጣበቅም እንቁላሉ እስከ 14ኛው ቀን ድረስ በየቀኑ ደጋግሞ ይገለበጣል።

በደጋ ለሚኖር አስፈልፋይ ከሙቀቱ ይበልጥ የሚከብደው የእርጥበቱ ጉዳይ ነው። ቅርፊት በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች ስላሉት፣ በሚታቀፍበት ጊዜ ከእንቁላሉ ውኃ እየተነነ ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ በወጣው ውኃ ምትክም በሰፊው ጫፍ በኩል የአየር ኪስ፣ ማለትም ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመስበሩ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስብበት ክፍተት፣ እየሰፋ ይሄዳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ውኃው ፈጥኖ ይተናል፤ ሽሉ የሚያገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። ስለሆነም ለዝቅተኛ አገሮች የተጻፈ መመሪያ 45 ወይም 50 በመቶ እርጥበት ይበቃል ቢልም፣ የደጋ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ከመቀበል እንቁላሎቹን በየጥቂት ቀኑ እየመዘነ የክብደታቸውን መጉደል ቢከታተል የተሻለ ዳኛ ያገኛል፤ በጨለማ በእጅ ባትሪ ማየትም የተለመደ ዘዴ ነው፤ ዳሩ ግን የድርጭት ቅርፊት በጠቆረ ነጠብጣብ ስለሚሸፈን ውስጡን ለማየት ያስቸግራል።

ከ14ኛው ቀን በኋላ ያለው ጊዜ የዚህ ሥራ ድንቅ ክፍል ነው። ተመራማሪዋ ማርጋሬት ቪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባካሄዷቸው ጥናቶች እንደታየው፣ የድርጭት ጫጩቶች ገና በቅርፊት ውስጥ ሳሉ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማሉ፤ እርስ በርስ የተነካኩ እንቁላሎችም በዚህ ድምፅና ንዝረት አማካይነት የዘገየውን እያፋጠኑ በአንድ ሰሞን ይፈለፈላሉ። ይህ ለዱሯ እናት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይዛ ከጎጆ ለመውጣት የሚጠቅም ስጦታ ሲሆን፣ ለቤት አስፈልፋይ ደግሞ መገልበጥ በሚቆምበት ዕለት እንቁላሎቹን ከየማቀፊያቸው አውጥቶ ጎን ለጎን ለማስተኛት በቂ ምክንያት ነው።

ብዙ ጫጩት የሚጠፋው በቸልተኝነት ሳይሆን በርኅራኄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅርፊቱን ከነቆረ በኋላ ለሰዓታት ጸጥ ያለ ጫጩት የደከመ ይመስላል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን በሽፋኑ ላይ ያሉት የደም ሥሮች እየደረቁ፣ የቀረውም አስኳል ወደ ሆዱ እየገባ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ቅርፊቱን በጣት የሚልጥ ሰው ያልደረቀውን የደም ሥር ይበጥሳል፤ በወጣው እርጥበት ምክንያትም ሽፋኑ በሌሎቹ ጫጩቶች ላይ ደርቆ ይጣበቅባቸዋል። በእነዚህ ቀኖች እርጥበቱን ከ65 እስከ 70 በመቶ አድርጎ እጅን መሰብሰብ ይገባል፤ የገባው አስኳልም ጫጩቶቹ እስኪደርቁ ድረስ ስለሚመግባቸው ለጥቂት ሰዓት መቆየታቸው አያሳስብም።

ከሣጥኑ የሚወጣው ፍጥረት ከ10 ግራም በታች ስለሚመዝን በተራ የውኃ ዕቃ ሊሰምጥ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ጥልቀት በሌለው ሳህን ላይ ጠጠር ይደረግለታል። ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ ወንድ እንደሚሆኑም አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ በ3ኛው ሳምንት ገደማ ደረታቸው ቀላ ብሎ ከነጠብጣባሞቹ ሴቶች ይለያሉ፤ ለ3 ወይም ለ4 ሴት አንድ ወንድ ስለሚበቃም ትርፎቹ በአንድ ጎጆ ሲተዉ ይደባደባሉ። ሴቶቹ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ፣ ወንድምና እኅት የሆኑትን እያዳቀሉ መቀጠል ቀላል ይመስላል፤ የጃፓን ድርጭት ግን የቅርብ ዘመድ መዳቀልን ክፉኛ የማይችል ወፍ በመሆኑ፣ የሚፈለፈለው እንቁላል ቁጥር በጥቂት ትውልድ ውስጥ ስለሚያሽቆለቁል፣ ለሁለተኛው ዙር ወንዱን ከሌላ መንጋ ማምጣት ያስፈልጋል።