ለተከዜ አስጋሪ ከአዲስ ጀልባ በፊት መለዋወጫ

ዝቋላ የዝናብ እጥረት ደጋግሞ የሚጎበኘው ወረዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲቀር ዝቋላን ጨምሮ የዋግ ኽምራ ቆላማ ወረዳዎች ምን ላይ እንደወደቁ የሚዘነጋ የለም። ማሳው ሲከዳ ግን የማይከዳ አንድ ሀብት በአቅራቢያው አለ፤ እርሱም ተከዜ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለውና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የመያዝ አቅም አለው። የተሠራው ለኤሌክትሪክ ኃይል ቢሆንም ሸለቆውን የሞላው ውኃ ቆሮሶና አምባዛ የሚሰገርበት ሐይቅ ሆኗል። ለዋግ ወጣቶችም የሥራ በር ከፍቷል።

በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ግን አንድ ልማድ መታረም አለበት። ዓሣ ማስገርን ለማስፋፋት ሲታሰብ ቀድሞ የሚታሰበው ስንት ጀልባና ስንት መረብ ይገዛ የሚለው ነው። የተገዛው በምን ይጠገናል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ጀልባው ከቆመ በኋላ ነው።

የትንሽ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በዘንግና በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ያውቁታል። ክራቸውን የሚጠቀልሉበት ሪል የተባለ መሣሪያ በውስጡ እንደ ፍሬን የሚያገለግሉ ስስ ሮንዴላዎች ተደራርበውበታል። ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ሮንዴላዎቹ ክሩን በልክ ይለቁታል። ሮንዴላው ካረጀ ወይም ከደረቀ ክሩ በአንድ ጊዜ ይያዝና ይበጠሳል፤ ዓሣውም መንጠቆውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ አጥማጆች ሪሉን አይጥሉትም። ከጨርቅ የተሠራውን ሮንዴላ አውጥተው ሙቀትን በሚችል የካርቦን ሮንዴላ ይተኩታል። የሚያወጡት ገንዘብ ከአዲሱ ሪል ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የተከዜ አስጋሪ በአብዛኛው የሚሠራው በመረብ ስለሆነ ይህ መሣሪያ ላያስፈልገው ይችላል። ትምህርቱ ግን ያስፈልገዋል። የጀልባ ሞተርን እንውሰድ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ ውኃ በምትስብ ትንሽ የጎማ መዘውር ነው። መዘውሯ ስታልቅ ውኃው መዝለቁን ያቆማል፤ ሞተሩም ይግላል፤ በዚያው ከተሠራበት ይቃጠላል። በርካሽ የምትለወጥ ጎማ በጊዜዋ ባለመለወጧ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሞተር ከጥቅም ውጭ ይሆናል። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው አባባል በዚህ ቦታ ቃል በቃል ይሠራል።

የመረቡም ነገር ከዚህ አይለይም። ሐይቁ ሸለቆ አጥለቅልቆ የተፈጠረ ነውና መረብ በድንጋይና በሰመጠ ግንድ ይያዛል፤ ይቀደዳል። የተቀደደው በዕለቱ ካልተሰፋ ቀዳዳው ይሰፋል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚውል የናይለን መረብም ጥንካሬውን ያጣል፤ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ግን ምንም አያስወጣም። ነጠላ ክር ያለው ርካሽ መረብ ለመጠገን ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ ይጣላል። ውኃ ውስጥ የቀረ መረብ ደግሞ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። በዚህ ላይ ዓይነ ጠባብ መረብ ሲጨመርበት ያልወለደ ዓሣ አብሮ ይወጣል፤ የነገው ምርት ዛሬ ያልቃል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሀብቱ በአግባቡ እንዲያዝ የሚያስገድደውም ለዚህ ነው።

አስጋሪው ገና መነሻ ጀልባ ሳይኖረው ስለ መለዋወጫ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ ይኖራሉ። ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። አካባቢው ጦርነትም ድርቅም ያሳለፈ ነው፤ ሥራ የሚጠብቀው ወጣትም ብዙ ነው። ነገር ግን መለዋወጫ የሌለው ጀልባ ለወጣቱ የሚሰጠው ሥራ ሞተሩ እስኪቆም ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ዕዳ ነው። ድሃ ማኅበር ዕቃው ሲበላሽ ሌላ መግዛት አይችልምና ጥገና ከባለጸጋ ይልቅ ለእርሱ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና አጋሮቹ ጀልባና መረብ ሲገዙ የሁለት ዓመት መለዋወጫ በዚያው ግዢ ውስጥ ቢያካትቱ ይበጃል። ከየማኅበሩ ሁለት ወጣቶች ሞተር ጥገናና መረብ መስፋት እንዲማሩ በሰቆጣ ካሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ጋር መነጋገር ይቻላል። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም ለሐይቁ የሚስማማው የመረብ ዓይነትና የዓይን ስፋት የቱ እንደሆነ ግዢው ሳይፈጸም ቢጠየቅ፣ ሊባክን የሚችል ገንዘብ ይድናል።

ከማኅበራቱም የሚጠበቅ አለ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጥቂት ሳንቲም ለጥገና ማስቀመጥን በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ሊያሰፍሩት ይገባል። “የመንግሥት ዕቃ ነው” ተብሎ የሚተው ጀልባ የማንም አይሆንም። ሲቆም ግን ጾሙን የሚያድረው የአስጋሪው ቤተሰብ ነው።

በመጨረሻም ሪፖርቱ ራሱ መለወጥ አለበት። ስንት ጀልባ ተሠራጨ ከሚለው ቁጥር ጎን ዛሬ ጠዋት ስንቱ ውኃ ላይ ወጣ የሚለው ይጻፍ። ወረዳው የሁለተኛውን ቁጥር መልስ በየወሩ ማወቅ ሲጀምር፣ ለትንሿ ሮንዴላና ለትንሿ ጎማ በጀት መያዝ የሚያከራክር ጉዳይ አይሆንም።