የታማሚው መንገድ እንደ አንድ የሕይወት ምልክት፦ ከስሜን ደጋና ከመተማ ቆላ የሚገኝ የአልጋ ዳር ትምህርት

አንድ ታማሚ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል እንደ ደረሰ የሚለኩት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የትንፋሽ ፍጥነት፣ የሰውነት ሙቀት፣ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌትና የንቃት ደረጃ። አለካኩ በየትም አገር አንድ ነው። የቁጥሮቹ ትርጉም ግን ታማሚው ከየት እንደ መጣና የት ሰንብቶ እንደ ተመለሰ ካልታወቀ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። በጎንደርና በዙሪያዋ ይህ እውነት ከብዙ ቦታዎች ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በአንድ በኩል ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ዳሽን ያለበት የስሜን ደጋ አለ፤ በሌላ በኩል ከ1,000 ሜትር በታች የሚገኘው የመተማ ቆላ ተዘርግቷል። የጎንደር ከተማ በሁለቱ መካከል ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አካባቢ ተነሥቶ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ቆላ የወረደ ወጣት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት የተለያዩ የበሽታ ዓለሞችን አቋርጦ ይመለሳል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የታማሚው መንገድ፣ ማለትም የኖረበት፣ የሠራበትና ያደረበት ቦታ፣ ከስድስቱ መለኪያዎች ጎን በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይገባል። ታማሚው ዋርድ ከገባ በኋላ ተረጋግቶ የሚጠየቅ የታሪክ ማሟያ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ቁጥሩ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት

ከፍታ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ለማጥናት ተመራማሪዎች ሰሜን ጎንደርን የመረጡት ዛሬ አይደለም። ሃሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት የደባርቅን ደገኞች ከአዲ አርቃይ ቆለኞች ጋር አነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች ውስጥ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አምባራስ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው፣ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ እንደ ሆነ አሳወቁ። አማካይ ሂሞግሎቢናቸው በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር። ይህ ውጤት ዓለምን ያስደነቀው ከሌሎች ደገኞች ስለ ተለየ ነው። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሂሞግሎቢናቸው ከፍ፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ይላል፤ የቲቤት ነዋሪዎች ሂሞግሎቢናቸው ብዙም ሳይጨምር ሙሌታቸው ዝቅ ይላል። በአምባራስ ግን ከሁለቱ አንዱም አልታየም። በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች የደገኛው ሙሌት ከቆለኛው ዝቅ ሊል እንደሚችል ስላሳዩ ሥዕሉ መጀመሪያ ከታሰበው ይልቅ ውስብስብ ሆኗል።

ለተረኛ ሐኪም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? የመጀመሪያው፣ በደገኛ ታማሚ ላይ የታየን ዝቅተኛ ሙሌት «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ መሆኑ ነው። በ3,500 ሜትር ላይ ጤነኛ ሆኖ የሚኖር ሰው ከ90 በመቶ በላይ ሊያስመዘግብ የሚችል ከሆነ፣ እየሳለና እያቃሰተ የመጣ የዚያው አካባቢ ሰው ላይ የታየው 84 በመቶ የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ከቆላ በቅርቡ ወደ ደጋ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ጎብኚ ላይ የታየ ተመሳሳይ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ የከፍታ ሕመም ከሚጠረጠሩት አንዱ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት የኦክስጅን ሕክምና መመሪያም ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ሕፃናት የተለየ መነሻ ቁጥር ማስቀመጡ ቦታ የቁጥሩ አካል መሆኑን የሚቀበል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የቅብብሎሽ ሕክምናን ይመለከታል። በ3,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ግፊት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ ጎንደር ሲወረድ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ በደጋ ጤና ጣቢያ 86 በመቶ የተለካለት ታማሚ ጎንደር ሲደርስ 91 ቢነበብለት፣ ሳንባው ምንም ሳይሻለው ቁጥሩ ብቻ የተሻሻለ ሊሆን ይችላል። በሪፈራል ወረቀቱ ላይ «ሙሌት 86» ተብሎ ቦታው፣ ሰዓቱና ታማሚው በኦክስጅን ላይ መሆን አለመሆኑ ካልተጻፈ፣ ተቀባዩ ሐኪም ለውጡን ሊመዝን አይችልም። የተሻለው የመሰለውን ታማሚ ወደ ኋላ ማስጠበቅም ሆነ ቶሎ ማሰናበት ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ወርዶ የተመለሰ ደገኛ

ወባን የሚያስተላልፉት ትንኞች በብርዳማው ደጋ አይራቡም። ደገኛው ከወባ ርቆ ማደጉ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። በወባማ አካባቢ ያደገ ጎልማሳ ከተደጋጋሚ ሕመም ያገኘው ከፊል መከላከያ አለው፤ ደገኛው የቀን ሠራተኛ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሞልቶትም በዚህ ረገድ እንደ ሕፃን ነው። ስለዚህ ከሰሊጥ እርሻ በተመለሰ በሳምንቱ ትኩሳት ይዞት፣ አእምሮውን ስቶ በቃሬዛ የሚደርስ ወጣት ከባድ ወባ ሊኖረው ይችላል። በወረቀቱ ላይ «አድራሻ፦ ጃናሞራ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ አድራሻው ራሱ ሐኪሙን ያሳስታል፤ የደጋ ሰው ወባ አይጠረጠርበትምና። ማጅራት ገትር ተብሎ ሕክምና ሊጀመር፣ የደም ምርመራው ግን ሊዘገይ ይችላል።

የወባና የከፍታ ግንኙነት ራሱ ቋሚ አለመሆኑን የአገራችን ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 150,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ በሽታው ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች ጭምር ደርሶ ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሰደደው እንግዲህ የአካባቢው መልክዓ ምድር ባስነሣው ጥያቄ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የሊቦ ከምከም ትምህርት

የመንገዱ ጥያቄ ሳይነሣ ሲቀር ምን እንደሚከተል የሚያሳየው ምሳሌ ከጎንደር ብዙም አይርቅም። በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ሰዎች በረጅም ትኩሳት፣ በክብደት መቀነስና በጣፊያ ማበጥ ይታመሙና ይሞቱ ነበር። ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተቆጠረ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በአዲስ ዘመን ከተማ የሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ካላዛር እስከዚያ ጊዜ በዋናነት የሚታወቀው በመተማና በሑመራ ቆላ ስለ ነበር፣ በደጋማው ወረዳ ማንም አልጠበቀውም። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በሽታውን ወደ ወረዳው ያመጡት ወደ እነዚህ ቆላዎች ለሥራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። በኋላም በቦታው መተላለፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች መካከል ቀን ቀን ከግራር ዛፍ ሥር መተኛትንና ሌሊት ከቤት ውጭ ማደርን ጠቅሷል።

እነዚህን ግኝቶች ልብ ይሏል። «የት ሠራህ? የት ተኛህ?» የሚሉት ጥያቄዎች የወግ ማሟያ ሳይሆኑ በጥናት የተመዘኑ የምርመራ መሣሪያዎች ናቸው። ካላዛር ከተያዙ በኋላ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ያለፈውን ሳምንት ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ደም አንሶት፣ አፍንጫው እየደማና በኢንፌክሽን ተዳክሞ ድንገተኛ ክፍል የሚደርስ ሰው በሴፕሲስ ስም ብቻ ታክሞ ሊሞት ይችላል፤ ከሥር ያለው በሽታ ግን የራሱ ፈጣን ምርመራና የራሱ መድኃኒት ያለው ነው።

መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ

በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው ትኩሳት ግርሻ በዓለም ላይ ከብዙ አገሮች ጠፍቶ በኢትዮጵያ የቀረ በሽታ ነው። በሌላ አገር ሐኪም ዘንድ በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ግን ብርድ፣ ጥበት፣ የውኃ እጥረትና አንድ ልብስ ብቻ መኖር በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ይነሣል፦ በቀን ሠራተኞች ማደሪያ፣ በጎዳና አዳሪዎች፣ በአብነት ተማሪዎች ጎጆ።

የዚህ በሽታ የአልጋ ዳር ትምህርት ከባድ ነው። ተገቢው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ታማሚው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወድቃል። ያሪሽ ሄርክስሃይመር ተብሎ የሚጠራው ይህ ምላሽ ገዳይ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት፣ ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋ የተባለውን የሰውነት ኬሚካል የሚያግዱ ፀረ አካላት አስቀድሞ መስጠት ምላሹን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ይህም አደጋው ከየት እንደሚመነጭ ለዓለም ሳይንስ ያስረዳ ግኝት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው አይገኝም። የሚገኘው ጥንቃቄ ነው፦ መርፌውን ሰጥቶ ወደ ቤት አለመላክ፣ የደም ሥር መስመር ከፍቶ ማቆየት፣ ግፊቱን ደጋግሞ መለካት። ይህን ጥንቃቄ የሚያስጀምረው ግን ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬው ደግሞ «ከማን ጋር ያድራል?» ከሚለው ጥያቄ ይወለዳል።

ሦስት ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ትንፋሹ እየቆመ ያለ ሰው ስለ ሰሊጥ እርሻ አይጠየቅም። እውነት ነው፤ የአየር መንገድ፣ ትንፋሽና የደም ዝውውር ይቀድማሉ። ነገር ግን ታማሚውን ያመጡት ቤተሰቦች በር ላይ ቆመዋል፤ አንድ ነርስ ካርድ ሲወጣ ሦስት ጥያቄ ብትጠይቃቸው ከሕክምናው ሰዓት የሚወሰድ ነገር የለም። እንዲያውም አስታማሚዎቹ ለመድኃኒት ግዢ ከተበተኑ በኋላ መረጃውን ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ብርቱ ነው። ቦታን ማስቀደም ጭፍን ፍርድ አያመጣም ወይ? «ከመተማ የመጣ ሁሉ ወባ ነው» ወደ ማለት አያደርስም ወይ? ስጋቱ መሠረት አለው፤ በሊቦ ከምከምም ያሳሳተው ቦታንና በሽታን አስቀድሞ ማጣበቅ ነበር። ነገር ግን እዚያ የተሠራበት የታማሚው አድራሻ እንጂ መንገዱ አልነበረም። አድራሻ የሐኪሙን ሐሳብ ወደ አንድ በሽታ ያጠብባል፤ መንገድ ግን የሚጠረጠሩትን በሽታዎች ቁጥር ያበዛል። ከመተማ የተመለሰ ትኩሳታም ወባም፣ ካላዛርም፣ ትኩሳት ግርሻም፣ ማጅራት ገትርም ሊኖረው ይችላል፤ ከአንድ በላይ በሽታ በአንድ ጊዜ መያዝም አለ። ጥያቄው ሐኪሙን ወደ ምርመራ ካላደረሰው ጥቅሙን አጥቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ጥሩ ሐኪም ይህን ሁሉ ያለ ቅጽም ይጠይቃል የሚል ነው። አዎን፣ ይጠይቃል። የደም ግፊትንም ጥሩ ሐኪም ያለ ቅጽ ይለካል፤ ሆኖም ቅጹ ላይ ቦታ የተሰጠው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለደከመ ተረኛ፣ እንዲሁም ከሌላ ክልል ለሥልጠና መጥቶ የሰሊጡን ወቅት ለማያውቅ ሬዚደንት ነው። በጎ ልማድ በሰው ትውስታ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ሰውየው ሲዛወር አብሮ ይሄዳል።

ምን ይደረግ?

ሐሳቡ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያው የትሪያጅ ቅጽ ላይ ሦስት መስመሮች ይጨመሩ፦ ታማሚው የሚኖርበት ቦታ ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይስ ቆላ መሆኑ፤ ባለፉት ስድስት ወራት የሠራበትና ያደረበት ቦታ፤ ከዚያ የተመለሰበት ጊዜ። በሪፈራል ወረቀት ላይ ደግሞ ከኦክስጅን ሙሌቱ ጎን የተለካበት ቦታና ሰዓት፣ ታማሚው በዚያን ጊዜ ኦክስጅን ይወስድ እንደ ነበር ይጻፍ። መስመሮቹ በተግባር መጥቀም አለመጥቀማቸውም ሊመዘን ይገባል። ቅጹ ከመለወጡ በፊትና በኋላ ከቆላ ለተመለሱ ትኩሳታሞች የደም ምርመራ እስኪታዘዝ ያለፈውን ሰዓት ማነጻጸር ለአንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ይህ ለተመራማሪዎችም የሚለው ነገር አለ። የክሊኒክ ገጠመኞችን የሚያትሙ መጽሔቶች «ብርቅ» የሚሉት በአብዛኛው ለሩቅ አንባቢ ብርቅ የሆነውን ነው። ትኩሳት ግርሻ ለአውሮፓ ብርቅ ነው፤ ለጎንደር ግን አይደለም። ለጎንደር ብርቅና አስተማሪ የሚሆነው ወርዶ የማያውቅ ደገኛ ላይ የተገኘ ካላዛር ወይም ወባ ነው፤ የበሽታው ድንበር መንቀሳቀሱን የሚናገር ነውና። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ግን የእያንዳንዱ ታማሚ መንገድ በወጉ ከተመዘገበ ብቻ ነው። በሊቦ ከምከም የተከፈለው ዋጋ ተመልሶ እንዳይከፈል ከተፈለገ፣ መነሻው እነዚህን ሦስት መስመሮች በካርዱ ላይ ማስፈር ነው።