እሳቸው ያሉት ሌላ፣ እኛ ያልነው ሌላ



በተመላላሽ ሕክምና ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት በጣም የለመድኩት ነገር አለ። ሐኪሙ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናትን «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ከጎናቸው የተቀመጠው ልጅ ይቀድማል። «ራሳቸውን ነው ዶክተር፤ እንቅልፍም የላቸውም።» ሐኪሙ ፊቱን ወደ ልጁ ያዞራል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው የሁለቱ ይሆናል። እናትየው ስለራሳቸው የሚወራውን እንደ ጎረቤት ወሬ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ።

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ከሥራው አስፈቅዶ፣ በጠዋት ካርድ ክፍል ተሰልፎ እናቱን ያመጣ የተባረከ ልጅ ነው። ችግሩ ግን ያለው እዚሁ ላይ ነው። ስለ ሰው በክፋት የሚናገር ይታወቃል፤ ይጠረጠራል። በፍቅር የሚናገረውን ግን ማንም አይጠረጥረውም።

አንድ ቀን ግፊታቸው ከ180 በላይ የሆነ እናት መጡ። ሐኪሙ «መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?» ሲል ልጃቸው «አንድም ቀን አቋርጠው አያውቁም» አለ። ሐኪሙም የሚወስዱት አልበቃቸውም ብሎ ሁለተኛ መድኃኒት ጨመረላቸው። ልጁ ሊገዛ ሲሄድ አጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ ዛሬ ክኒኑን ዋጡ?» አልኳቸው። «ዛሬማ ራሴን አላመመኝም» አሉኝ። ለካ የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። የቀረውን ለክፉ ቀን ብለው በመሀረብ ቋጥረው አስቀምጠውታል።

ካርዱን ይዤ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ መድኃኒቱም ቢያምም ባያምም በየቀኑ የሚወሰድ ነው። እኚህ እናት እንደዚያው ሄደው ቢሆንና አንድ ቀን ቤተሰቡ ነቅቶ ሁለቱንም መድኃኒት በሥርዓት ማስዋጥ ቢጀምር፣ ግፊታቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ሊያዞራቸውና ሊጥላቸው ይችል ነበር። በዚያ ዕድሜ መውደቅ ማለት የዳሌ አጥንት መሰበር ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን አልዋሸም። በየወሩ ይገዛል፤ መግዛቱን ያውቃል። መዋጡን አላየም። ያላየውን ግን እንዳየ ሆኖ መለሰ።

ቋንቋ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከገጠር የመጡ፣ አማርኛ የማይችሉ አያት የ11 ወይም የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ሲገቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የወር አበባ ካቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ማየት የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት መመርመር ያለበት ነገር ነው። ግን የትኛዋ አያት ናት ይህን በወንድ ልጅ አፍ የምታስነግረው? «ሆዴን ይቆርጠኛል» ብላ ትመለሳለች እንጂ። ልጁም «ሆዷን ነው» ይላል፤ የሆድ መድኃኒት ይታዘዛል። ልጆቻችሁ አሜሪካ ያሉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ እዚያ የፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ቋንቋ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ በደንቡ አይፈቀድም። ሄዳችሁ ስትታከሙ «የልጅ ልጄ አለልኝ» አትበሉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሰው ነው። አሁን የራሴን ልናገር።

እናቴ የዓይን ሞራ ያዛት። የዓይን ሞራ በአገራችን ዋነኛው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ነው፤ ግን በቀዶ ሕክምና ይድናል። ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ነርስ ነኝ። ለእናቴም ነገርኳት። እሷም «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ላይ ልደርስ ብላችሁ ነው? ገንዘቡ ለልጆቹ ትምህርት ይሁን» አለችኝ።

ሐኪሙ ዘንድ ስንቀርብ «እናቴ ኦፕራሲዮን አትፈልግም፤ ትፈራለች» አልኩ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ሐኪሙ «እንግዲህ ሐሳባችሁን ስትለውጡ ኑ» ብሎ ሸኘን። እሷም ዝም አለች፤ እኔም እሺታ መሰለኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ጀመረች። ሽሮና በርበሬውን በሽታ እንጂ በዓይን መለየት አቃታት። አንድ ቀን ቡና ሲጠጣ ጎረቤታችን «እርስዎ ግን ለምን አይታከሙም?» ብትላት፣ «ማን ጠየቀኝ? ልጄ አትፈልግም አለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳውም» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ጀበናውን ይዤ በቆምኩበት ቀረሁ።

እናቴ «አልፈልግም» አላለችም። «ላስቸግራችሁ አልፈልግም» ነው ያለችው። እኔ መካከል ያለውን ቃል ጣልኩት። «ትፈራለች» የሚለውንማ ከየት እንዳመጣሁት እስከዛሬ አላውቅም። ምናልባት የፈራሁት እኔ ነበርኩ።

በዚያው ወር ታከመች። ፋሻው ሲነሣ ፊቴን ትኩር ብላ አየችና «ውይ! ለካ አንቺም ሸብተሻል» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ያ ሁለት ዓመት ነው የታየኝ።

የአገሬ ሰው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል። በወላጅ ጉዳይ ይህን ተረት ሁላችንም እንረሳዋለን። «እናቴን እኔ አውቃታለሁ» እንላለን። እውነት ነው፣ እናውቃታለን። ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ስለ እሷ መናገር ሌላ። ስለ ሰው የምንናገር ከሆነ ሦስት ነገሮችን መለየት አለብን፦ እሷ ያለችውን፣ እኛ ያየነውን፣ እኛ የምናስበውን። ሦስቱም ለሐኪሙ ይጠቅማሉ። ጉዳት የሚመጣው ሦስቱን ቀላቅለን «እሷ እንዲህ ትላለች» ስንል ነው።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቤት ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ጠይቋቸው። ያሉትን በራሳቸው ቃል በወረቀት ጻፉት። «ደረቴን እንደ ድንጋይ ይጫነኛል» ካሉ እንደዚያው ጻፉ እንጂ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትተርጉሙት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነእሽጉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክኒን ሲቆጠር እውነቱ ይወጣል። ሐኪሙ ሲጠይቅ መጀመሪያ እሳቸው ይመልሱ። አረጋዊ ሰው ቃል እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል፤ ያንን ዝምታ ለመሙላት አትቸኩሉ። ተራችሁ ሲደርስ «እሳቸው ያሉት ይህ ነው፤ እኔ ደግሞ ያየሁት ይህን ነው» በሉ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራችሁ «እማዬ፣ እንዲህ ብዬልሻለሁ፤ ልክ ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። በመጨረሻም ለአምስት ደቂቃ ውጪ ቆዩላቸው። በልጅ ፊት የማይነገር ነገር አለ።

«አልፈልግም» ካሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ገንዘቡም እኛን ማስቸገሩም ባያሳስብሽ ኖሮስ?» ይህችን ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ እናቴ ሁለት ዓመት በጨለማ ባልተቀመጠች። መልሱ አሁንም «አልፈልግም» ከሆነ ግን የእውነት አልፈለጉም ማለት ነው። ያን ጊዜ እኛ ባንስማማበትም እንኳ ቃላቸውን ሳንሸራርፍ ማድረስ አለብን።

መናገር የማይችሉበት ቀንም ሊመጣ ይችላል። ስትሮክ አንደበትን ይይዛል፤ የመርሳት በሽታ ሐሳብን ይበትናል። በዚያ ቀን ከአልጋው አጠገብ ቆመን «እኔ ምን እፈልጋለሁ?» ሳይሆን «እሳቸው ቢችሉ ምን ይሉ ነበር?» ብለን እንድንመልስ፣ ዛሬ ጤነኛ ሳሉ ጠይቀን መስማት አለብን።

እናንተም አያቶች ሆይ፣ በእናንተ ስም የተሳሳተ ነገር ሲነገር ዝም አትበሉ። ልጄን ላሳፍረው አይሆንም ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። ግን «ልጄ፣ እንዲያ አላልኩም» ማለት ማሳፈር አይደለም። እኔ ያን ቀን እናቴ ብትለኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን አመሰግናት ነበር።