በሰው ጀርባ የሚገባበት ሆስፒታል

አገራችን ደግ ሰው አልነጠፈባትም። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር ማለዳ ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ደጃፍ ቆሞ ይመልከት። መራመድ የተሳነው በሽተኛ ከታክሲ ሲወርድ ዘበኛው ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። ሊስትሮው ሣጥኑን ትቶ ይነሣል። መንገደኛው «አይዞህ ወንድሜ» እያለ ትከሻውን ያቀርባል። ተባብረው ደረጃውን ያወጡትና «እግዜር ይማርህ» ብለው ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ያየ ሁሉ አንጀቱ ይርሳል። እኔን የሚያስቆጣኝ ግን ይኸው ነው። ዘበኛው መሸከሙ አይደለም የሚያስቆጣኝ፤ ሆስፒታሉ በዘበኛው ጀርባ ተማምኖ መተኛቱ ነው።

ለመሆኑ ደግ ሰው በአካባቢው ያልተገኘ ዕለት በሽተኛው ምን ይሁን? በሽተኛዋ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? የማታውቃቸው ወንዶች ብብቷንና ጭኗን ይዘው እንዲያወጧት መፍቀዷ የሕክምናው ክፍያ አካል ነው ማለት ነው? ካርድ ክፍል የማይመዘገብ፣ ደረሰኝም የማይቆረጥለት ክፍያ አለ። እሱም ክብር ይባላል።

ሕግ አልወጣም እንዳይባል ወጥቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። መጸዳጃ ቤቱንም አልረሳም። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ተደራሽ መሆን ከሚገባቸው ስፍራዎች መካከል የሕክምና ተቋማትን ለይቶ ይጠራል።

«እኛማ ሕጉን አክብረን መወጣጫ ሠርተናል» የሚሉ አሉ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በዘርፉ የታወቀው ልክ ለ1 ክንድ ከፍታ 12 ክንድ ርዝመት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ስለዚህ መወጣጫው ከ7 ሜትር በላይ መርዘም አለበት። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ ግን ሁለት ሜትር ሳይሞላቸው ያንኑ ከፍታ ይወጣሉ። እንዲህ ያለው መወጣጫ ሳይሆን መንሸራተቻ ነው። የአጥንት ሕክምና ክፍሉን ፎቅ ላይ አድርጎ ሊፍቱ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሆስፒታልም አይቻለሁ። እግሩ የተሰበረ ሰው እግሩን ለማሳከም መጀመሪያ በእግሩ ፎቅ መውጣት ነበረበት!

ነገሩ በደረጃ ብቻ አያበቃም። ተራ የሚጠራው በጩኸት ነው። መስማት የተሳነው ሰው ስሙ ስንቴ እንደተጠራ ሳያውቅ ቆይቶ «አልነበርክም» ይባልና ካርዱ ከሁሉ ሥር ይገባል። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስም አስተርጓሚው እናቱ ናት፤ እሷ ከሌለች ጎረቤት። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የማሕፀኗን ነገር በእናቷ እጅ እንድትናገር ትገደዳለች። የደም ምርመራ ውጤት ከባለቤቱ በፊት ጎረቤት ይሰማዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ አስተምሯል። ስለዚህ ባለሙያ የለም ብሎ ማመካኘት አይቻልም፤ የጎደለው የሥራ መደብ ነው። ዓይነ ስውሩ ደግሞ ማንም ያላነበበለት የስምምነት ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። በየበሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሰሌዳ ማንበብ የማይችለው ገበሬስ ከእርሱ በምን ይለያል?

ሁለት መልሶች ዘወትር እሰማለሁ። የመጀመሪያው «ድሃ ነን» የሚል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አባቶቻችን። በጀት፣ መሐንዲስና ሥራ አስኪያጅ ያለው ተቋም ግን ሃምሳውንም ሎሚ ለአንድ ዘበኛ አሸክሞ ድህነትን ያማርራል። መወጣጫ ገና በፕላኑ ላይ ከተሳለ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ውድ የሚሆነው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለማፍረስ ሲነሡ ነው። የአጥንት ክፍሉን ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ ተራን በቁጥር ጽፎ ማሳየት፣ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ማንበብ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል?

ሁለተኛው መልስ «ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙም አይመጡም» ይላል። ከበር የተመለሰ ሰው እንዴት አድርጎ ይቆጠር? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ ከስድስቱ አንዱ ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገልጿል። አንዳንዶቹ ጉዳት ከሌለባቸው ሰዎች እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱም አስፍሯል። በዚህ ላይ ምጥ የያዛትን፣ ጀሶ የታሰረለትን፣ ጉልበቱ የደከመውን አዛውንት ጨምሩ። ደረጃ የማያስቸግረው ጤነኛ ብቻ ከሆነ፣ ሆስፒታሉ የተሠራው ለማን ነው?

ደግነታችን ይቅር አላልኩም። ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ ብቸኛን ማስታመም የሰው ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ እንበርታ። ሲሚንቶ ሊሠራው የሚችለውን ግን በሰው ወገብ አናሠራ። የተሸከምነው ሰው አመስጋኝ መሆኑ እኛን ደግ ያደርገን ይሆናል እንጂ እርሱን ባለመብት አያደርገውም።

ስለዚህ ለአርክቴክቶች፣ ለጤና ኃላፊዎችና ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች አንድ ሐሳብ አለኝ። አዲስ ሆስፒታል ሲመረቅ ሪባን ሊቆርጡ የሚመጡት የክብር እንግዳ አስቀድመው በተሽከርካሪ ወንበር ይቀመጡ። ከአጥር በር እስከ ካርድ ክፍል፣ ከካርድ ክፍል እስከ ሽንት ቤት ማንም ሳይገፋቸው ይሂዱ። ከደረሱ እናጨብጭብላቸው። ካልደረሱ መቀሱ ወደ ሳጥኑ ይመለስ፤ መሐንዲሱም ይጠራ።